«እባክህ ወላጅ ሁንልኝ!»

ተማሪ ሆኖ ያለፈ ሁሉ «ወላጅ ይዘህ ና» የምትለዋን ቃል አይረሳትም። አጭር ናት፤ ግን ጉልበት ታብረከርካለች። እኔ ራሴ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ይህቺን ቃል ሰምቼ፣ ቤት መናገር አቅቶኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ወጥቼ ሜዳ ለሜዳ ስንከራተት ውዬ ማታ እንደ ተማሪ የገባሁ ሰው ነኝ። ታዲያ ትዳር ሳልይዝ፣ ልጅ ሳልወልድ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ «ወላጅ» ሆኜ የዩኒት ሊደር ቢሮ በር ላይ እቀመጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንዴት ሆነ ብትሉ ጉዱን ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ስወርድ የጎረቤቴ ልጅ አንደኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። ዩኒፎርሙን ለብሷል፣ ቦርሳውን አንግቷል፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?»

«ምን ሆንክ?»

«ወላጅ አምጣ ተብያለሁ። እባክህ ወላጅ ሁንልኝ።»

ሳቄ መጣ። «አባትህስ?» አልኩት።

«ፋዘር ከሰማ ያልቅልኛል።»

«እናትህን ይዘህ ሂዳ።»

«እሷ ከመጣች ለእሱ ልትነግረው ነው፤ ካልነገረችው ደግሞ አንድ ቀን ሲደርስበት ለእሷም አይቀርላትም። እሷን አልነካካም።»

ከዚያ ቀጥሎ የነገረኝ ግን ሳቄን አጠፋው። እኔ እምቢ ብል ሰው እንደሚከራይ ነገረኝ። ገበያ አለ ለካ! ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ከሚውሉት ሰዎች መካከል በሁለት መቶ ብር አጎት፣ በሦስት መቶ ብር አባት የሚሆን አይጠፋም። ኮት ለብሶ ከመጣ ዋጋው ከፍ ይላል። ተቆጣ ከተባለ ተማሪውን መምህሩ ፊት በጥፊ እስከ መምታት ይደርሳል፤ ለዚያ ግን ተጨማሪ አይጠይቅም አለኝ።

ጥፋቱ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከምሳ በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ ፎርፏል። አጥር ዘሎ እየወጣ ከጀለሶቹ ጋር አንድ ቤት በርጫ ሲይዝ ነበር። ሰው በዱርዬነት የሚጠረጥረው ልጅ አይደለም፤ ደረጃ ላይ ዕቃ ይዤ ሲያየኝ ሮጦ የሚቀበለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ነው። አዘንኩለት። እውነቱን ለመናገር አባቱ ሳይሆን እኔ በመመረጤ ትንሽም ኮራሁ። «እሺ፣ ለዛሬ ብቻ» አልኩና ታላቅ ወንድሙ ሆኜ ሄድኩ።

አራት ቤት በአንድ አግዳሚ ላይ

የዩኒት ሊደሩ ቢሮ በር ላይ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለች። ተራ ጥበቃ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። በሩ በደንብ አይዘጋም፤ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። ያን ቀን ከእኛ ሌላ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ፣ ሦስት ዓይነት ቤት ተወክሎ መጥቶ ነበር ብል ይሻላል።

መጀመሪያ የገባችው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። የመጡት አያቷ ናቸው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ከዘራቸውን ይዘው። ልጅቱ የክፍል ጓደኛዋን መትታ፣ ድብደባውን በስልክ አስቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቃዋለች። እናቷ ቤይሩት ከሄደች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ገንዘብ በየወሩ ይመጣል፤ ስልኩም ከዚያው የመጣ ነው፣ ዋጋው የአንድ መምህር የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ዩኒት ሊደሩ «እማማ፣ ማታ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?» ሲሉ አያትየው «እናቷ ርቃባት፣ ሆድ ሲብሳት እያየሁ፣ ምን ብዬ ልቆጣት ልጄ?» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ልጅቱ አላለቀሰችም። አያቷ በመጡባት ቁጥር ይህን ለቅሶ ሳትለምደው አልቀረችም።

ሁለተኛው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው። ከክፍሉ ልጆች ገንዘብ ሰብስቦ በስልክ የኳስ ውርርድ አስይዞ በልቶታል። ከእሱ ጋር የመጣው የአባቱ ሾፌር ነው። አባትየው ነጋዴ ናቸው፤ እናትየውም እንደዚያው፤ ሁለቱም ቤት የሚገቡት ልጁ ከተኛ በኋላ ነው። ዩኒት ሊደሩ አባትየው ጋ ደወሉ። የተባለውን ሰምተው ሲጨርሱ አባትየው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ስፒከር ላይ ስለነበረ ሁላችንም ሰማነው። «ታዲያ ስንት ነው የሚከፈለው?»

ሦስተኛው የእኔው «ወንድም» ጀለስ ነው፤ አብረው የቃሙት። የመጡት እናቱ ናቸው፤ እንጀራ እየጋገሩ ለሆቴል የሚያቀርቡ ሴት፤ ሊጥ ጣታቸው ላይ እንደደረቀ ነው። ዩኒት ሊደሩ ጥፋቱን ዘርዝረው ሳይጨርሱ «አውቃለሁ፤ ትናንት ማታ ነግሮኛል» አሏቸው። ክፍሉ ዝም አለ። «አንድ ጥፊ አላቀመስኩትም አልልም፤ አናዶኛል። ከዚያ ግን ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ስልኩን ለአንድ ወር ወስጃለሁ። በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ቤት ገብቶ እንጀራውን ሆቴል እሱ ያደርሳል። የፎረፈባቸውን መምህራን ደግሞ አንድ በአንድ ይቅርታ ይጠይቃል።» ሊወጡ ሲሉ ዘወር ብለው እንዲህ አሉ፦ «መቃሙን ሳይሆን ቢዋሸኝ ነበር የምፈራው።»

አራተኛው ቤት እንግዲህ የእኛ ነው። ስለ እውነተኛው አባት ልንገራችሁ። መጥፎ ሰው አይደሉም። አይጠጡም፣ ደመወዛቸው ቤት ይገባል፣ የልጆቻቸው ትምህርት ጉዳይ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ግን እሳቸው ሲገቡ ቤቱ ፀጥ ይላል፣ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ እናትየውም ወጥ ቤት ትገባለች። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለች ቀበቶ አለች። «እኔ በዱላ ነው ሰው የሆንኩት» ይላሉ። እናትየው ደግሞ ለልጇ ስትራራ የጎደለውን ገንዘብ ትሞላለች፣ ያረፈደበትን ትሸፍናለች፤ ዘወትር የምትለው «አባትህ እንዳይሰማ» ነው። በዚያ ቤት ልጁ ያደገው በሁለት ሕግ ነው፤ በአንድ በኩል ዱላ፣ በሌላ በኩል መደበቂያ። እናም መደበቅን በደንብ ተማረ።

ተራችን ደረሰ። ገባሁ። «የልጁ ምን ነዎት?» ተባልኩ። «ታላቅ ወንድሙ» አልኩ። ፈረምኩ። ልጁ ደረጃው ላይ እጄን ሊስመኝ ደረሰ።

ምሁራኑ ምን ይላሉ?

ያቺ አግዳሚ ከነከነችኝና መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ዳያና ባምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ውስጥ ወላጆችንና ልጆችን አጥንታ የአስተዳደግን ስልት በሦስት ከፈለችው። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ኤሊኖር ማኮቢና ጆን ማርቲን የተባሉ ምሁራን አራተኛ ጨመሩበት። መለኪያው ሁለት ጥያቄ ነው። ወላጁ ከልጁ ምን ያህል ሥርዓት ይጠይቃል? ልጁንስ ምን ያህል ያዳምጠዋል?

ሥርዓት የሚጠይቅ፣ ግን የማያዳምጥ ወላጅ ፈላጭ ቆራጭ ነው፤ የጎረቤቴ ቤት። የሚያዳምጥና የሚያባብል፣ ግን ሥርዓት የማይጠይቅ ለቀቅ ያለ ነው፤ የአያትየው ቤት። ሥርዓትም የማይጠይቅ፣ የማያዳምጥም ቸልተኛ ነው፤ የሾፌሩ ቤት። ሥርዓት እየጠየቀ የሚያዳምጥ ደግሞ ሚዛናዊ ይባላል፤ እንጀራ ጋጋሪዋ እናት። ሚዛናዊነት ሀብትም ዲግሪም እንደማይጠይቅ ልብ በሉልኝ።

ይህ ከወንጀልና ከጥፋት ጋር ምን ያገናኘዋል? ትራቪስ ሂርሺ የተባለ አሜሪካዊ የወንጀል ጥናት ምሁር ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ4 ሺህ በላይ ተማሪዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1969 መጽሐፍ አሳተመ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ከወላጅ ዓይን ውጪ ነው፤ ማንም ሊከተለው አይችልም። ስለዚህ ወሳኙ ፈተና በመጣበት ሰዓት ወላጁ በልቡ ውስጥ አሉ ወይስ የሉም የሚለው ነው። የሚሰማውንና የሚያስበውን ለወላጁ የሚያካፍል ልጅ ጥፋት ውስጥ የመግባቱ ነገር አነስ ብሎ ተገኝቷል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን በስዊድን የተደረገ ጥናት ነው። ሆካን ስታቲን እና ማርጋሬት ከር የተባሉ ተመራማሪዎች 700 ያህል የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱን አወጡ። እስከዚያ ድረስ ብዙው ሰው «የልጁን ውሎ የሚያውቅ ወላጅ ልጁ አይበላሽበትም፤ ስለዚህ ተቆጣጠሩ» ይል ነበር። እነሱ ግን ወላጁ የልጁን ውሎ ያወቀው በምን መንገድ ነው ብለው ጠየቁ። መልሱ በመሰለል፣ በመጠያየቅ አልነበረም። በአብዛኛው ልጁ ራሱ ወዶ ስለነገረው ነው! ከጥፋት መራቅ ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘውም ይኸው የልጁ መናገር ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉንም ነገር ወላጅ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች 161 ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጽሑፍ፣ በወጣቶች መካከል ካለው የጥፋት ልዩነት ውስጥ የአስተዳደግ ገጽታዎች እያንዳንዳቸው የሚያብራሩት ቢበዛ 11 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረው የጓደኛ ነው፣ የሰፈር ነው፣ የድህነት ነው፣ የልጁም ጠባይ አለበት። ደግሞ ነገሩ በሁለት ወገን ይሄዳል፤ ዱላ ልጁን እንደሚያስሸፍተው ሁሉ፣ ያስቸገረ ልጅም ወላጁን ዱላ ያስነሳዋል። ቢሆንም በዚያው ጥናት ከጥፋት ጋር ይበልጥ ተያይዘው ከተገኙት መካከል ልጁን መግፋት፣ በጥላቻ ዓይን ማየትና መንፈሱን አስሮ መያዝ ይገኙበታል። ጓደኛ መምረጥ ለወላጅ ከባድ ነው፤ ልጁን አለመግፋት ግን በእጁ ያለ ነገር ነው።

«እኛ ጋ ግን ልጅ ያለ ቅጣት አያድግም» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረትም ይጠቅስልኛል። እስቲ ተረቱን መልሳችሁ አስቡት። ልጁ መጀመሪያ እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ አመጣላት፤ እሷም ዝም ብላ ተቀበለችው። በኋላ ትልልቁን እየሰረቀ ሄዶ መጨረሻው ገመድ ሆነ። እናትየው ያጎደለችው ዱላ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ያጎደለችው አንዲት ጥያቄ ነው፤ «ይህን ከየት አመጣኸው?» የምትል ጥያቄ። መጠየቅና መደብደብ አንድ አይደሉም።

ሌሊት ስድስት ሰዓት

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። «ለዛሬ ብቻ» ያልኩት ነገር ለዛሬ ብቻ አልቀረም። በሚያዝያ ወር እንደገና ወላጅ ተጠራ፤ እንደገና ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ እንደ ወንድም ቆጣ ለማለት ሞከርኩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ውጪ ስንወጣ ግን ፈገግ አለ። ለእሱ እኔ ወላጅ አልነበርኩም፤ የማልከፈል ተከራይ ሰው ነበርኩ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ፖሊስ ጣቢያ ነው። «ወንድምህ እኛ ጋ ነው» አለኝ ተረኛው ፖሊስ። ሦስት ሆነው ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመች ሴት ስልክ ነጥቀዋል። የእኔው ልጅ አልነጠቀም፤ መንገድ ዳር ቆሞ ሰው እንዳይመጣ ሲያይላቸው ነበር። ለምን? የሚቅሙበት ቤት 1,800 ብር ዕዳ አለበት። ባለቤትየዋ «ካልከፈልክ ለአባትህ እነግራለሁ» ብላ ይዛዋለች። ልጁ አባቱን ከሕግ ይበልጥ ስለፈራ ሕጉን ጣሰው።

ሕጉን ካነሳሁ አይቀር ብዙ ወጣትና ብዙ ወላጅ የማያውቀውን ልንገራችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ አይከስም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ላሉት የተለየ እርምጃ አለ፤ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋርም አይታሰሩም። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ፣ ከአሥራ ስምንት በታች ያለው ግን የሚዳኘው በመደበኛው ድንጋጌ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ «ገና ልጅ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ጎረቤቴ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ደረጃውን ወርጄ የአባትየውን በር አንኳኳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ በር የለም። በፒጃማ ወጡ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ የየካቲቱንም፣ የሚያዝያውንም፣ «ታላቅ ወንድሙ ነኝ» ብዬ መፈረሜንም። ይመቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ለአንተ የነገረህን ለእኔ ያልነገረኝ ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ስለሚፈራዎት ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «እንዲፈራኝ አይደል እንዴ ያሳደግሁት?»

መልስ አልነበረኝም። እናትየው በሩን ተደግፋ በነጠላዋ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ከዚያ ጃኬታቸውን ደርበው አብረን ወጣን። መንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጣቢያው ስንደርስ ልጁ አባቱን ሲያይ ያደረገውን አልረሳውም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ዱላ እንደሚመጣበት ሰው። አባትየው ያን ሲያዩ ቆሙ። ፖሊሶቹም አዩ። እኚያ ሰው ያን ሌሊት ያፈሩት በልጃቸው ሌብነት ይሁን በዚያች ሁለት እጅ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ልጁ ሁለት ሌሊት አደረ፣ በዋስ ወጣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ቅጣቱ በገደብ ሆነለት። የዚያ ዓመት ትምህርቱ ግን ከሸፈ፤ አሥረኛ ክፍልን ደገመ። እኔም ትምህርት ቤቱ ሄጄ ውሸቴን ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ዩኒት ሊደሩ ዝም ብለው አዩኝና «የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ለአባቱ እንዴት እንደሚነገር አብረን እናስብ ነበር» አሉኝ። ይህ ንግግር ከስድብ በላይ አመመኝ። እኔ ልጁን አዳመጥኩት፣ ሥርዓት ግን አልጠየቅሁትም። እንደ አያትየው ሆንኩ ማለት ነው፤ እሳቸው ግን ቢያንስ በእውነተኛ ስማቸው ነበር የመጡት።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለወላጆች የምለው ይህ ነው። በመጀመሪያ ለእውነት ዋጋ ስጡ። ልጁ ራሱ መጥቶ የነገራችሁን ጥፋትና በሰው አፍ የሰማችሁትን ጥፋት እኩል ከቀጣችሁ፣ ሁለተኛ ምን ሊያገኝ ብሎ ይነግራችኋል? እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ልጇን ቀጥታዋለች፤ ቅጣቱ ግን ጥፋቱን የሚመስል፣ መጨረሻ ያለውና ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ነበር። አንድ ወር ሲያልቅ ስልኩን መለሰችለት።

ሁለተኛ፣ አባትና እናት በአንድ ቃል ይናገሩ። «አባትህ እንዳይሰማ» የምትል እናት ደግ መስሏት ልጇን ውሸት እያስተማረችው ነው። «እናትህ አበላሽታህ ነው» የሚል አባትም እንደዚያው። መጀመሪያ ሁለታችሁ መኝታ ቤት ገብታችሁ ተጣሉና ተስማሙ፤ ለልጁ አንድ ሆናችሁ ውጡለት።

ሦስተኛ፣ ሳትጠሩ ትምህርት ቤት ሂዱ። ዩኒት ሊደሩ መልካችሁን ካወቀው የኪራይ አባት ገበያ በዚያው ይዘጋል። አረብ አገር ያላችሁ እናቶችም ብትሆኑ ስልክ አለላችሁ። ገንዘብ ስትልኩ ለልጃችሁ ብቻ ሳይሆን ለክፍል ኃላፊ መምህሩም ደውሉ። አያት ብቻዋን አትችለውም፤ «ይህን ሰዓት አልፋ እንዳትገባ፤ እኔ ነኝ ያልኩት» ብላችሁ ሥልጣን ስጧት።

አራተኛ፣ ልጁ የሚያወራው ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ስትመረምሩት አይደለም። አብራችሁ ስትሄዱ፣ ዕቃ ስታጥቡ፣ ኳስ ስታዩ ነው ወሬው የሚወጣው። በዚያ ሰዓት ምክር አትጀምሩ፤ ስሙት። የጓደኞቹን ስም የማያውቅ ወላጅ ልጁን አያውቀውም።

ለእናንተ ለወጣቶቹ ደግሞ። ወላጆቻችሁ እናንተን ያሳደጉት እነሱ በታደጉበት መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ ያሳያቸው የለም። ይህ ዱላውን ልክ አያደርገውም፤ ግን ጠላቶቻችሁ አይደሉም። ጥፋት ሲደርስባችሁ ትንሽ ሳለች ተናገሯት። አባታችሁን ከፈራችሁ የሚያከብሩትን አንድ ሰው፣ አጎትም ሆነ የንስሐ አባት ወይም የሰፈር ሽማግሌ፣ ይዛችሁ አብራችሁ ተናገሩ። ይህ ማስታረቅ ነው፣ መደበቅ አይደለም። ድብደባው አካል የሚጎዳ ከሆነ ግን ለምታምኑት መምህር ወይም ዘመድ ንገሩ፤ እሱን መሸከም ግዴታችሁ አይደለም።

እንደ እኔ ላሉ ጎረቤቶች ደግሞ አንዲት ቃል። ድሮ የሰፈር ሰው ሁሉ የልጅ ዓይን ነበር፤ ሲያጠፋ ያየው ይገስጸው ነበር፣ ለቤቱም ይነግር ነበር። አሁን በየፎቁ በራችንን ቆልፈን እንገባለን። አንድ ልጅ መጥቶ «ወላጅ ሁንልኝ» ካለን እንስማው፣ ደጁ ድረስ እንሸኘው፣ ከአባቱ ጋር አብረን እንቀመጥለት። በአባቱ ቦታ መፈረም ግን የለብንም።

አባትና ልጁ አሁን ምን ደረሱ ትሉኝ ይሆናል። ተአምር የለም። አባትየው አሁንም ይጮሃሉ፤ ድምፃቸው እኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ቀበቶዋ ግን ከበሩ ጀርባ ወርዳለች፤ እናትየው ናት የነገረችኝ። እሑድ እሑድ ሁለቱ አብረው ወደ ገበያ ሲሄዱ አያቸዋለሁ፤ ብዙ አያወሩም፣ ግን አብረው ይሄዳሉ። ባለፈው ጊዜ ደረጃው ላይ ልጁን አገኘሁትና እንዴት ነህ አልኩት።

«ሒሳብ ወደቅሁ» አለኝ።

«አባትህ ሰማ?»

«ነገርኩታ፤ ራሴ ነኝ የነገርኩት።»

«ምን አለህ?»

ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። «ጮኸ። ከዚያ ደብተሬን አምጣ አለኝ።»

እናንተስ አንባቢያን፣ ቤታችሁ ውስጥ ጥፋት የሚነገርለት ሰው አለ? ካለ ይዛችሁ ኑሩ። ከሌለ ደግሞ ነገ እናንተ ስትወልዱ እንዲኖር አድርጉ።

ቸር ይግጠመን!